ዳኞች፣ አራተኛው ሩብ ላይ ዓይናችሁ የት ነው?

ትሬል_ነኝ · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት።

አንድ ነገር ሰልችቶኛል። የቅርጫት ኳስ ዳኛ ሲሳሳት የሚባለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ወይ «ሕጉን አያውቅም»፣ ወይ «በልቷል»። ሦስተኛውን ምክንያት የሚያነሳ የለም፦ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር።

ሥራውን ከባድ ያደረገው የሕጉ ብዛት አይመስለኝም። ሕግ ቁጭ ተብሎ ይጠናል። 28 በ15 ሜትር ሜዳ ላይ አሥር ሰው እየተሯሯጠ «በዚህች ሰከንድ የትኞቹን ሁለት ሰዎች ልይ?» የሚለው ነው ጭንቁ። ኳስ ዓይን ይስባል። ሁላችንም ኳስ እያየን ነው ያደግነው። ኳስ የሚያይ ዳኛ ግን ቲኬት ሳይቆርጥ የገባ ተመልካች ነው።

በሁለት ዳኛ የሚመራ ጨዋታ ውሰዱ። አንደኛው ዳኛ፣ ሊዱ፣ ቀለበቱ ሥር ካለው የመጨረሻ መስመር ላይ ቆሟል። ሁለተኛው፣ ትሬሉ፣ ከኋላ ኳሱን ተከትሎ ይመጣል። ኳስ አቀባዩ ፖይንት ጋርድ ከላይ ድሪብል እያደረገ (ኳስ እያነጠረ) ነው። እሱ የትሬሉ ነው። የሊዱ ሥራ ቀለበቱ ፊት ባለው ሦስት ሰከንዱ ክልል አጠገብ የሚገፋፉት ሁለት ግዙፎች ናቸው። አንዱ የሌላውን ወገብ በክንዱ ይዟል። ሌላው በዳሌው እየገፋ ነው። ሊዱ በዚያች ቅጽበት ቀና ብሎ ፖይንት ጋርዱን ካየ አለቀለት። ኳሱ ወደ ውስጥ ሲገባ አንደኛው መሬት ላይ ተዘርግቷል። ማን ጀመረ? አላየም። ከዚያ በግምት ይነፋል። ግምት ደግሞ ሁሌ ለወደቀው ያደላል። ተጫዋቾች ይህን ስለሚያውቁ ይወድቃሉ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ጨዋታው ሲከር፣ እግር ሲዝል፣ አሰልጣኝ ጆሯችሁ ሥር ሲጮህ ዓይናችሁን እንዴት ነው የምትገዙት? ተጫዋቾችም ግቡበት። ስድብ ግን ይቅር።

የሰፈር_ጋርድ · ማክሰኞ ማታ

«ስድብ ይቅር» ካልክማ ግማሹ አስተያየቴ ቀረ። ሃሃ።

እሺ በጨዋ ደንብ ልናገር። ቲዎሪው ያምራል። ግን ዓይናችሁ ሌላ ቦታ የሚሆነው ሁሌ ትልቁ ቡድን ሲያጠፋ ነው እንዴ? ኮከቡን ገና ሳንነካው ፊሽካ ይጮሃል። እኔ ስመታ «ቀጥል ቀጥል» ነው። ደግሞ ማካካሻ የምትሏት አለች። አንዱ ላይ ያለአግባብ ትነፉና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ለእሱ አንድ «ትሰጡታላችሁ»። እሷም የዓይን ችግር ናት?

ሳይኮሎጂ_4ኛ_ዓመት · ማክሰኞ እኩለ ሌሊት አካባቢ

ዳኛ አይደለሁም፣ ግን ትኩረት የሚባለው ነገር ትምህርቴ ስለሆነ ልግባ።

ሳይመንስና ቻብሪስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ዝነኛ ሙከራ አለ። የሚገርመው በቅርጫት ኳስ ነው የተሠራው። ነጭና ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ልጆች ኳስ ይቀባበላሉ። ተመልካቹ የነጭ ለባሾቹን ቅብብል ብቻ እንዲቆጥር ይነገረዋል። መሃል ላይ የጎሪላ ልብስ ያጠለቀ ሰው ሰተት ብሎ ይገባል፣ ደረቱን ይደቃል፣ ይወጣል። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ ጎሪላውን ጭራሽ አላዩም። ያለፈው እኮ ፊት ለፊታቸው ነው።

ስለዚህ «አፍንጫው ሥር ሆኖ እንዴት አላየም?» የሚለው ክስ ብዙ አያስኬድም። ሰው የሚያየው ልብ ያለውን ነው።

የሰፈር ጋርድ ግን ዝም ብሎ አላወራም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የእግር ኳስ ጥናት አለ። ፈቃድ ያላቸው ዳኞች አንድ ዓይነት የግጭት ቪዲዮ አዩ፤ ከፊሉ ከነሕዝቡ ጩኸት፣ ከፊሉ ድምፅ ጠፍቶ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የነፉት ጥፋት 15 በመቶ ገደማ አነሰ። ማንም አልከፈላቸውም። ማካካሻዋም ቢሆን ተጠንታለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጥናት፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የፋውል ልዩነት በሰፋ ቁጥር ቀጣዩ ፋውል ጥቂት ባለው ቡድን ላይ የመነፋት ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል። ዳኛው «ላድላ» ብሎ ላይነሳ ይችላል። ሰሌዳው ላይ 7 ለ 2 የሚል ቁጥር ሲያይ ግን ውስጡ ይረበሻል።

ትሬል_ነኝ · ረቡዕ ጠዋት

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጎሪላውን ለወጣት ዳኞቻችን ስልጠና እወስደዋለሁ።

የሰፈር ጋርድ፣ ማካካሻ የለም ብዬ አልከራከርህም። አለ። ማካካሻ የሚነፋ ዳኛ ግን ሁለት ጊዜ ነው ከጨዋታው የወጣው። መጀመሪያ ሲሳሳት፣ ቀጥሎ መመለሻ አጋጣሚ ሲያድን። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ዓይኑ ጨዋታ አያይም፣ ሰበብ ነው የሚፈልገው። ትክክለኛው ፋውል በሌላኛው ጥግ ያልፈዋል። ስለዚህ አዎ፣ እሷም የዓይን ችግር ናት።

ሜሪላንድ_ፊሽካ · ረቡዕ

ወገኖች ሰላም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በብርዱ ወራት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨዋታዎችን እዳኛለሁ።

እዚህ ስልጠና ላይ ከሁሉ በፊት የሚሉን «ተከላካዩን ዳኝ» ነው። አጥቂው ምን እያደረገ እንደሆነ ሳትፈልግም ይታይሃል። ጥፋት መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ የተከላካዩ እግር፣ ደረትና እጅ ነው። ሌይአፕ (እየሮጡ ቀለበቱ ሥር ደርሶ ማስገባት) እየመጣ ነው እንበል። ተከላካዩ ፊቱን ወደ አጥቂው አዙሮ፣ ሁለት እግሩ መሬት ረግጦ ቦታውን ይዟል ወይ? የያዘው አጥቂው ከመሬት ከመነሳቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ዘለለ ወይስ ወደ ፊት ገፋ? ይህን ሁሉ ለመመለስ ግጭቱ ከመድረሱ በፊት ዓይንህ እሱ ላይ መሆን አለበት። ድምፅ ሰምተህ ከዞርክ ያየኸው መጨረሻውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ «ብሎክ (የተከላካዩ ጥፋት) ነው፣ ቻርጅ (የአጥቂው) ነው» የምትለው ነገር ልብ ወለድ ነው።

ሁለተኛው ምክር «ፊሽካህን አዘግየው» የሚል ነው። ጋርዱ ዳሌው ላይ ተነካ፣ ሚዛኑን ግን አልሳተም፣ ሰውየውን አልፎ ሄደ፣ አገባ። ቶሎ ብትነፋ የተበደለውን መልሰህ ቀጣኸው። ግማሽ ሰከንድ ታገሥ፣ መጨረሻውን እይና ወስን። ተመልካቹ «ዘገየ!» ይላል። ይበል።

ስለ ኮከብ ተጫዋች ለተባለው ደግሞ ተቃራኒ ምሳሌ ልስጥህ። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2023፣ በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ፣ ሌከርስ ቦስተን ላይ። ውጤቱ እኩል ነው፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ነው። ሊብሮን ጄምስ ሌይአፕ ሊያገባ ሲነሳ ጄሰን ቴተም ክንዱን መታው። በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥ ኮከብ የለም። ሦስት ዳኛ ነበር። ፊሽካ አልተሰማም። ሊብሮን ተንበርክኮ ወለሉን ሲመታ ያላየ የለም። ፓትሪክ ቤቨርሊ ከሜዳው ዳር ካሜራ አምጥቶ ፎቶውን ለዳኛው ሊያሳይ ሄደና ቴክኒካል (የሥነ ምግባር ፋውል) በላ። ቦስተን በጭማሪ ሰዓት 125 ለ 121 አሸነፈ። በማግስቱ የዳኞቹ ማኅበር «ተሳስተናል፣ እንቅልፍ የሚነሳን ነገር ነው» የሚል መልእክት አወጣ። እንደዚያ በግልጽ ሲያምኑ ብዙ ጊዜ አይታይም።

የሰፈር_ጋርድ · ረቡዕ

አስታውሳታለሁ። እኔ የሌከርስ ደጋፊ ነኝ፣ ቁስሌን ነካህ።

ግን ወንድሜ፣ ቪዲዮ እያለ ለምን ይሄ ሁሉ ጣጣ? አሰልጣኙ ቻሌንጅ ብሎ ቪዲዮው እንዲታይ አያደርግም እንዴ?

ሜሪላንድ_ፊሽካ · ረቡዕ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሰልጣኝ ቻሌንጅ ኤንቢኤ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2019–20 የውድድር ዘመን ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባም እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉ ላይ የራሱን አስገብቷል። ኤንቢኤ ላይ ግን ቻሌንጁ የተነፋን ነገር ለማስመርመር ነው። ያልተነፋን ፋውል «ለምን አልተነፋም» ብሎ ማስመርመር አይቻልም። ሊጉ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ተቀራራቢ ጨዋታዎች ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ገምግሞ በማግስቱ ሪፖርት ያወጣል። ያልተነፉትንም ይጨምራል። ውጤት ግን አይቀይርም። በሰዓቱ ያላየኸውን ካሜራ አያይልህም።

አሰልጣኝ_ጋሼ · ረቡዕ ማታ

ልጆች፣ ጥሩ ይዛችኋል። እኔ ድሮ ወወክማ ሜዳ ላይ ተጫውቼ ያደግሁ፣ አሁን የማሠለጥን ሰው ነኝ። ከተቀያሪ ወንበር በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

አሰልጣኝ በጩኸት የተነፋ ፋውል እንደማያስመልስ ያውቃል። የሚጮኸው ለቀጣዩ ነው። ዳኛው ኳስ በጨዋታ ላይ እያለ ዞር ብሎ ካየኝ እኔ አሸነፍኩ። ያን ሰዓት ሜዳው ላይ የለም፣ ከእኔ ጋር ነው። ይህን የማያደርግ አሰልጣኝ ካለ አላየሁም። ሚስጥር አወጣህ ብለው ባልደረቦቼ ይቀየሙኝ ይሆናል፣ ይቀየሙ።

ጎበዝ ዳኛ ምን ያደርጋል? ጥያቄ ከጠየቅሁት ኳስ ሲቆም በአጠገቤ ሲያልፍ ባጭሩ ይመልስልኛል። «ጋሼ፣ ቀኝ እጁ ክንዱ ላይ ነበር።» አለቀ። ማጉረምረም ከሆነ ሰምቶ ያልፋል። ከመጠን ካለፍኩ ቴክኒካል ይሰጠኛል፤ ፊቱ ሳይቀየር፣ እንደ ማንኛውም ፋውል።

ፊቱ ሳይቀየር የሚለውን አስምሩበት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2007 ዳላስ ላይ የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ? የሳን አንቶኒዮው ቲም ዳንከን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ዳኛው ጆይ ክሮፎርድ የተሳቀው በእኔ ነው አለና ቴክኒካል ሰጥቶ አስወጣው። ዳንከን ማለት ሜዳ ላይ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ክሮፎርድ ጀማሪ አልነበረም፣ ብዙ የፍጻሜ ጨዋታዎችን የመራ አንጋፋ ነው። ሊጉ የቀረውን የውድድር ዘመን በሙሉ አገደው። ዓይኑ ደህና ነበር፣ ሕጉንም በቃሉ ያውቃል። ንዴት ግን ዓይንን ከሜዳ አንስቶ ወንበር ላይ ይተክለዋል።

ጠረጴዛ_ላይ · ረቡዕ ማታ

ሁሉም ስለ ፊሽካ ያወራል፣ ጠረጴዛውን ማንም አያስታውስ፣ እንደተለመደው።

ነጥብ መዝጋቢ ነኝ። ከእኛ ወንበር የሚታይ አንድ ነገር አለ። ዳኛው ፋውል ነፍቶ ወደ እኛ ሲመጣ እየሮጠ ቁጥር ያሳያል። ለ24 ቁጥር መጀመሪያ የእጁን ጀርባ አዙሮ ሁለት፣ ከዚያ መዳፉን ገልጦ አራት ማሳየት አለበት። የቸኮለው ሁለቱንም ባንዴ ያወናጭፈዋል። እኔ 42 ልጽፍ እችላለሁ። ከዚያ አራተኛው ሩብ ላይ «ይሄ ልጅ አምስት ፋውል አለው፣ የለውም» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ጭቅጭቁ የተዘራው ግን አንደኛው ሩብ ላይ ነው። ቆም በል፣ ቁጥሩን አሳይ፣ የጥፋቱን ዓይነት አሳይ፣ ቅጣቱን አሳይ። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

ስለ ሦስት ሰከንድ ካነሳሁ አይቀር፣ ሙኒክ እ.ኤ.አ. 1972። የኦሊምፒክ ፍጻሜ፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት። ሦስት ሰከንድ ሲቀር ዳግ ኮሊንስ ሁለት ፍሪ ትሮው (ነጻ ውርወራ) አገባና አሜሪካ 50 ለ 49 መራች። ሶቪየቶች «ታይም አውት ጠይቀን ነበር» አሉ። ጨዋታው ተጀምሮ አንድ ሰከንድ ሲቀር ቆመ። የፊባ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ዊልያም ጆንስ ከመቀመጫቸው ወርደው ሦስቱ ሰከንድ ይመለስ አሉ። ሰዓቱ ተስተካክሎ ሳያልቅ ኳስ ተሰጠ፣ ደወል ጮኸ፣ አሜሪካኖች ጨፈሩ። እንደገና ይመለስ ተባለ። ኤዴሽኮ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ወረወረ፣ ቤሎቭ አገባ፣ 51 ለ 50። ከሁለቱ ዳኞች አንዱ፣ ብራዚላዊው ሪጌቶ፣ የውጤት ወረቀቱ ላይ አልፈርምም አለ። አሜሪካኖቹ የብር ሜዳሊያቸውን እስከ ዛሬ አልወሰዱም።

እዚያ ጨዋታ ላይ ዋናው ነገር ያመለጠ ፋውል አልነበረም። ችግሩ ዳኛ፣ ሰዓት ያዥና ባለሥልጣን አንድ ነገር እያዩ አልነበሩም። ዳኛው ኳሱን ከመስጠቱ በፊት ቀና ብሎ ጠረጴዛውን ቢያይ ኖሮ ሁለተኛው ትርምስ አይፈጠርም ነበር። እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

ሊድ_ከሐዋሳ · ሐሙስ

ሰላም ለሁላችሁ። ጀማሪ ሴት ዳኛ ነኝ። በጣም እየተማርኩበት ነው።

የእኔ ጥያቄ ትንሽ ለየት ይላል። እኔን የሚያስቸግረኝ ሕዝቡም አሰልጣኙም አይደለም፣ አብሮኝ የሚዳኘው ሰው ነው። ፊቴ ያለውን ጨዋታ፣ እኔ ከሁለት ሜትር እያየሁት፣ እሱ ከመሃል ሜዳ ሆኖ ይነፋዋል። አንጋፋ ስለሆነ ዝም እላለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የራሴን ክልል ማየት ትቼ እሱ ሊነፋ ነው አይደለም እያልኩ እሱን አያለሁ። ስለዚህ ሁለታችንም አንድ ቦታ እያየን ሌላው ባዶ ይቀራል። ምን ላድርግ?

አሰልጣኝ_ጋሼ · ሐሙስ

ልጄ፣ አንቺ አትጨነቂ። ከወንበር ሆነን እናያለን። ሁለት ዳኛ አንድ ግጭት ላይ ተያይዘው ሲነፉ ለተጫዋቾቼ «ሌላኛው ጥግ ክፍት ነው» እላቸዋለሁ። ስክሪን የሚይዘው (ተከላካዩን በአካሉ የሚዘጋው) ልጄ ያን ጊዜ እንደ ልቡ ይገፋል። ይህንንም ለዚያ አንጋፋ ንገሪልኝ።

ትሬል_ነኝ · ሐሙስ ማታ

ሐዋሳ ያለሽው፣ ጥያቄሽ ከእኔ ጥያቄ ይበልጣል። ባልደረባውን የማያምን ዳኛ ሁሉንም ላይ ይልና ምንም አያይም። ፊባ የሁለት ዳኞችን አሠራር ሲያስተምር ግማሹን ሜዳ በስድስት ሳጥን የሚከፍለው ያለ ምክንያት አይደለም። ኳሱ የትኛው ሳጥን ውስጥ ሲሆን ማን ኳሱን፣ ማን የቀሩትን እንደሚያይ አስቀድሞ እንዲታወቅ ነው።

መድኃኒቱ ከጨዋታው በፊት ያለችው የመልበሻ ክፍል ወሬ ናት። ብዙዎቻችን እሷን ሰዓት በሻይና በጨዋታ ነው የምናሳልፋት። አንጋፋነቱን ሳትነኪ በጥያቄ ግቢበት። «ጋሼ፣ ሌይአፕ ወደ እኔ ሲመጣ መጀመሪያ እኔ ልንፋ፣ እርስዎ እኔ ካለፍኩት ብቻ ይግቡ፣ ይሁን?» በይው። እሺ ካለ ሜዳ ላይ የሚያስታውሰው ቃል አለ። እሺ ካላለም ቢያንስ ታውቂያለሽ። እኔ እንዲህ ያሉ ሁለት አንጋፎች አውቃለሁ፤ አንዱ እንዲህ ሲባል ደስ ነው ያለው፣ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። ሌላኛው ተቆጣ። ዕድል ነው።

አሁን ስለ ትኩረት የራሴን ልበል፣ ክሩን የከፈትኩት ለእሱ ነውና። ሰው የሚመስለው ትኩረት ጨዋታ ሲከር የሚጠፋ ነው። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ሁለት ነጥብ ልዩነት፣ አንድ ደቂቃ ሲቀር ማንም አያንቀላፋም። አደገኛው ሰዓት ሦስተኛው ሩብ ላይ ልዩነቱ 20 ሲሞላ ነው። ያን ጊዜ ዳኛው ስለ ታክሲ ማሰብ ይጀምራል። የተሸነፈው ቡድን ደግሞ ተናዷል፣ ክርን ይሠራል፣ ቲሸርት ይጎትታል። ጠብ የሚፈነዳው እዚያ ላይ ነው። ሌላው አደገኛ ሰዓት የራስህን ፊሽካ ከነፋህ በኋላ ያሉት ሰከንዶች ናቸው። ሰው ስላለፈው ውሳኔ ማሰብ ይወዳል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ኳስ ሲቆም እጄን ፊሽካዬ ላይ አድርጌ በደንብ አየር አወጣለሁ። ከዚያ ዓይኔ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሄዳል። ሰዓቱ፣ የማጥቂያው 24 ሰከንድ፣ የቡድን ፋውል (አምስተኛው ላይ ሁለት ፍሪ ትሮው ስለሚመጣ)፣ ከዚያ ጠረጴዛው ቅያሪ ይፈልጋል ወይ፣ ከዚያ አምስት በአምስት ናቸው ወይ፣ በመጨረሻ ባልደረባዬ። እሱ ዓይኔን ካላየ ኳሱን አልሰጥም። ሕዝቡ ያጉረመርማል። ለእኔ ግን ይህቺ ዑደት ናት ያለፈውን ውሳኔ ከጭንቅላቴ የምታስወጣው፤ ሌላ የማስበው ነገር ስላለኝ እሱን ማሰብ አልችልም።

ሌላው እግር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ትንሿ ስታዲየም ውስጥ አራት ሩብ ሙሉ ላይ ታች ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የደከመ ዳኛ ሁለት እርምጃ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለት እርምጃ ሲዘገይ አጥቂና ተከላካይ በአንድ መስመር ላይ ይደረደሩበታል፤ የሚያየው አንድ ጀርባ ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ተሸፍኗል። እጅ ክንድ ነካ አልነካ የሚታየው በዚያ ክፍተት ነው። ግራ ወይም ቀኝ አንድ እርምጃ ብቻ ብትሄድ ይከፈትልሃል። ለዚህ ነው ስምንት ሜትር ርቆ በጥሩ ማዕዘን የቆመ ዳኛ ከሁለት ሜትር በተዘጋ ማዕዘን ካለው የሚሻለው። ተመልካች «ሩቅ ነህ!» ሲል ይገርመኛል።

ሜሪላንድ_ፊሽካ · ሐሙስ ማታ

ፊሽካ ላይ እጅ ማድረግን ስታነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አብዛኞቻችን የምንነፋው ፍሬ አልባ ፊሽካ የመጣው ከቅርጫት ኳስ ዳኛ ነው። ሮን ፎክስክሮፍት የሚባል ካናዳዊ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1984 ብራዚል ውስጥ ፋውል አይቶ ሊነፋ ሲል የፊሽካው ፍሬ ተቀረቀረ። ድምፅ የለም፣ አዳራሹ አበደ። ተመልሶ ፍሬ የሌለው ፊሽካ ማሠራት ጀመረ። ዓይኑ በትክክለኛው ቦታ ሆኖ የተሰደበ ዳኛ እሱን አውቃለሁ።

የሰፈር_ጋርድ · ዓርብ

እሺ፣ ትንሽ ለስልሻለሁ። ትንሽ። ኮከብ ተጫዋች ላይ ግን አልተስማማንም፤ ያንን አንድ ቀን እንጨርሰዋለን።

አንድ ትራቭል (ኳስ ይዞ ከተፈቀደው በላይ መራመድ) ላይ ንገሩኝ። ልጁ ኳሱን እየሮጠ ይቀበልና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ረግጦ ያገባል። እኛ ሰፈር «ትራቭል!» ብለን እንሞታለን። ዳኛው ያየናል፣ ፈገግ ይላል፣ ይሄዳል።

ሜሪላንድ_ፊሽካ · ዓርብ

እኔ የምዳኝበት የትምህርት ቤት ሕግ ከፊባ ይለያል፣ ስለዚህ ትሬል ይመልስ።

ትሬል_ነኝ · ዓርብ

ፊባ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያስተካከላት ናት። እየሮጠ ኳሱን ሲቆጣጠር አንድ እግሩ መሬት ላይ ከነበረ ያቺ እግር አትቆጠርም። ኳሱን ከተቆጣጠረ በኋላ የሚረግጠው ነው አንድ። ስለዚህ ሰፈር ሦስት ሲቆጥር ዳኛው ሁለት ቆጥሯል። ጭንቁ ያለው «ተቆጣጠረ» የሚባለው ቅጽበት ላይ ነው። መጀመሪያ እጁን ማየት አለብህ፣ በዚያው ቅጽበት እግሩን። ሁለቱን ባንዴ ማየት ስለማይቻል እኔ የመጀመሪያዋን እግር ፈልጌ እይዛለሁ፣ ኳሱን በጠርዝ ዓይኔ እተዋለሁ። እርግጠኛ ካልሆንኩ አልነፋም።

የሰፈር_ጋርድ · ዓርብ ማታ

ይሄን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ሰፈር ስሄድ አላስወራቸውም።

ሌላ ጉዳይ። ነገ ቅዳሜ ሠፈራችን ጨዋታ አለ። ዳኛ የለም። «አንተ ስለ ዳኛ ብዙ ታወራለህ፣ ያዝ» ብለው ፊሽካ ሰጥተውኛል። ብቻዬን ነኝ። ከየት ልጀምር?

አሰልጣኝ_ጋሼ · ዓርብ ማታ

ሃሃሃ! እግዜር ይርዳህ። የት ነው? መጥቼ እጮህብሃለሁ።

ትሬል_ነኝ · ዓርብ ማታ

ብቻህን ከሆንክ ሁሉንም ለማየት አትሞክር፣ አይሆንልህም። ቀለበቱ ሥር አትቆም፣ ወደ ሌላው ጫፍ ስትሮጥ ትቀራለህ። የፍሪ ትሮው መስመር ባለበት ከፍታ፣ ከሜዳው ዳር በኩል ሁን። ከዚያ ሆነህ ቀለበቱንም ትደርስበታለህ፣ ኳስ ሲዞር ቀድመህ ትመለሳለህ። ኳስ ካለበት ርቆ ያለው መገፋፋት ብዙው ያመልጥሃል። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ሁለቱን ካፒቴኖች ጠርተህ ንገራቸው፦ «ብቻዬን ነኝ፣ ከኋላዬ ያለውን አላይም፣ ልጆቻችሁን ያዙልኝ።» መጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ግልጽ የሆነውን ፋውል አትለፍ። ልጆቹ ልክህን የሚለኩት በእነሱ ነው። ሰዓቱን ደግሞ ለሌላ ሰው ስጥ፣ አንተ አትያዝ። ውጤት መዝጋቢ ካጣህ ጠረጴዛ_ላይን ጠይቃት፣ ቅዳሜ ጨዋታ ከሌላት ትመጣ ይሆናል።

ጠረጴዛ_ላይ · ዓርብ ማታ

ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ከሆነ እችላለሁ። ቁጥር ስታሳየኝ ግን ቆም ብለህ።